የቱንቢ ጆሮ

ታላቅ ወንድሜ ግንበኛ ነበር። ሠራተኞቹ «ቱንቢ» ይሉታል። እውነተኛው ቱንቢ፣ ያ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት የግድግዳ ማቅኛ ክር፣ ከነጥቅልሉ በመሣሪያ ቦርሳው ግርጌ ተኝቶ ይውላል። ወንድሜ ከግድግዳው ሥር ይቆምና አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ እስከ ጫፍ ያያል፤ ከዚያ «ቀጥ ብሏል» ወይም «ዘሟል» ይላል። የሥራ ቦታው ደንብ ይኸው ነበር። እሱ ቀጥ ብሏል ያለው አይለካም፤ ዘሟል ያለው ይፈርሳል። ድሮ ድሮ አንዳንድ ተጠራጣሪዎች ክሩን ጣል አድርገው አይተው ነበር አሉ። ክሩ ከእሱ ጋር በመስማማቱ ተመሰገነ።

ነገር የተበላሸው አንድ ጠዋት መወጣጫው ላይ ቆሞ ከበላዩ ካለው ሰው ብሎኬት ሲቀበል ነው። ቀና እንዳለ ሕንፃው፣ ሰማዩና ፎርማኑ አብረው ዞሩ። ምሰሶውን አቅፎ ቆየ። ሲያልፍለት ማንም ሳይጠይቀው፣ መወጣጫው ተነቃነቀ አለ።

መወጣጫውን የሠራው አናጢው ነው፤ የልጅነት ጓደኛው። አናጢው ሚስማሩን ሁሉ ነቅሎ እንደገና መታው። በማግሥቱም ተነቃነቀ ተባለ። ከዚያ አናጢውን ወደ በርና መስኮት ሥራ አዛወሩት። ሳይከራከር ሄደ፤ ወንድሜን ማናገር ግን ተወ።

ቀጥሎ ተራው የአልጋው ሆነ። ወንድሜ ጋደም ሲል አልጋው ይዞራል። ወለሉን በገዛ እጁ ስለሠራው ወለሉ አይጠረጠርም፤ ባለወለሉማ ጭራሽ። ስለዚህ የአልጋው እግር አጥሯል ተባለና ከሥሩ ቁራጭ ጣውላ ገባ። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ አልጋ ነው ወይስ ቁልቁለት?» ብትለውም ለውጥ የለም። እሷ ወደ ግድግዳው ስትንከባለል ታድራለች፤ እሱ ተሽሎኛል ይላል። በቀኝ ጎኑ መተኛት መተዉን ግን አልነገራትም።

መነጽር ተገዛለት። ምግብ አንሶሃል ተብሎ ምግብ ተጨመረለት። ጆሮውን ያሰበ የለም። ጆሮውማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያሙትን ምድር ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ፎርማኑ የደረጃውን ግድግዳ እንዲያይለት ጠራው። ወንድሜ እንደ ልማዱ ከሥር ቆሞ አንገቱን ቀለበሰ። ግድግዳው ወደ እሱ መጣ። «ዘሟል፤ አፍርሱት» አለ። የወንድሜ ቃል መሬት ጠብ አይልም፤ ግድግዳው ጠብ አለ። ግማሹ ከወረደ በኋላ አናጢው የመስኮት ፍሬም ተሸክሞ ሲያልፍ ቆመ። ፍሬሙን መሬት አስቀመጠ። ከወንድሜ ቦርሳ ክሩን አወጣና ከተረፈው ግማሽ ላይ ቁልቁል ለቀቀው። ክሩና ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ወረዱ።

ሁሉም ክሩን አየ፤ ወንድሜን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ፎርማኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ሐኪም ሳያይህ መወጣጫ ላይ አትወጣም» አለው። ምድር ላይ መቅረት ማለት ሲሚንቶ ማቡካት ነው፤ ለወንድሜ ደግሞ ስሙን በቁሙ ለሌላ ማውረስ ነበር።

ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። የመጀመሪያው ሐኪም ወደ ጆሮ ክፍል ሲመራን ወንድሜ ተቀየመ፤ ደንቁሬያለሁ እንዴ እያለ ከበሩ ሊመለስ ምንም አልቀረው። የጆሮ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። መስማቱን መረመረች፤ እንከን አልነበረበትም። ወንድሜ ጃኬቱን አነሳ።

«አባባ፣ ጆሮ ሥራው አንድ ብቻ መሰለዎት?» አለችው።

አስቀምጣ አስረዳችው። ከታምቡሩና ከሦስቱ ጥቃቅን አጥንቶች ወዲያ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች አሉ። አንዱ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ነው፤ ድምፅን ተቀብሎ ለአንጎል ያቀብላል። ሌላው ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች ናቸው። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀጫጭን ፀጉር መሳዮችም መዞሩን ለአንጎል ይነግሩታል። አጠገባቸው የኖራ ብናኝ የመሰሉ ጠጠሮች ተለጥፈው የላይና የታቹን ያሳውቃሉ። ከወንድሜ ቀኝ ጆሮ ጥቂት ጠጠሮች ተላቀው ቱቦው ውስጥ ገብተዋል። አንገቱን ባቀና ቁጥር ይንከባለላሉ፤ አንጎሉም ዓለም ዞረ ብሎ ያምናል።

ወንድሜ በጥሞና አዳመጠ። በመጨረሻ የባለሙያ ጥያቄ ጠየቀ። «ማን ነው እንዲህ አድርጎ የለጠፋቸው?»

አጋደመችው። ራሱን ከአልጋው ጠርዝ አሳልፋ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙራ፣ በጎኑ ገልብጣ፣ ቀስ ብላ አስነሳችው። ግድግዳው ሲሮጥ ቆየና ቆመ። መነጽር ያስገዛ፣ አልጋ ያዘመመ፣ ጓደኛ ያስቀየመ በሽታ ጥርስ ለማስነቀል በሚበቃ ጊዜ አለቀ። ሊመለስ እንደሚችል፣ ከተመለሰም እንዲመጣ ነገረችው።

በማግሥቱ ፎርማኑ መውጣት ትችላለህ አለው። ወንድሜ ግን መጀመሪያ ወደ በርና መስኮቱ ክፍል ሄደ። አናጢው ከመጋዙ ቀና ሳይል «መወጣጫው ዛሬ እንዴት አደረ?» አለው።

«መወጣጫውስ ደህና ነበር። የተላቀቀው የኔ ነው» አለና ጆሮውን ነካ አደረገ።

አናጢው መጋዙን አስቀመጠ። «ጆሮህን ታመህ ነው እኔን ያባረርከኝ?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም?»

«እሱስ ደግ ነው። ሰሞኑን ስለ አንተ ያልኩትን ብትሰማ አትመጣም ነበር።»

የፈረሰውን ግድግዳ ወንድሜ ራሱ፣ አናጢው እንደገና በሠራው መወጣጫ ላይ ቆሞ ገነባው። ክሩንም በየረድፉ ጣለ። ቱንቢ የሚለው ስም የተገባው ያኔ ነው፤ ሠራተኞቹ ግን ስሙ የቀለለው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ።

ባለፈው ክረምት አረፈ። ከመወጣጫ ወድቆ ሳይሆን ልቡ ቆሞ ነው። ሁላችንም መውደቁን ስንፈራ ልቡን የጠየቀለት አልነበረም። አልጋው ላይ አረፈ፤ ከሥሩ ያለውን ጣውላ ነገ አነሳዋለሁ ሲል እንደኖረ።

ከቀብር መልስ ጣውላውን ያየው አናጢው ነው። ሊያወጣው ሲንበረከክ የወንድሜ ሚስት ትከሻውን ያዘችው።

«ተወው፤ አሁን ቢቃና እኔን ያዞረኛል» አለችው።