ከዕቅዱ የተሰረዙት ሸክላ ሠሪ

የሆሳዕና ሙዚየም የምንለው ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ መጋዘን ነበር። የበርበሬው ሽታ ሳይለቀው ጦርና ጋሻ ሰቀልንበት፣ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ወጠርን፣ አለቀ። እኔ የሥዕል አስተማሪ ነበርኩ። ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬ መግለጫ ጻፊ ሆንኩ።

የባህል ኃላፊው የዚያው አገር፣ የሌሞ ልጅ ነው፤ ሥልጣን ሲይዝ ግን ሰው ጤፉ ሆነ። የመጪውን ዓመት ዕቅድ ያወጣው እሱ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት የጦር መሣሪያ ይታያል፣ በሁለተኛው የእንሰት መፋቂያና የፈረስ ዕቃ። ሕዝብ ይሳተፍበታል ተብሎ የተወራለት ሦስተኛው ነበር። አንዲት ሸክላ ሠሪ በየገበያ ቀኑ በራችን ላይ ተቀምጠው ድስት እየሠሩ ተማሪዎችን ያስተምራሉ። «የተናቁት ተከበሩ» የሚለውን በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሴትዮዋ ለዕቅዱም ለክብሩም ግድ አልነበራቸውም። የሚፈልጉት አፈር ነው። የሸክላ አፈር የሚቆፍሩበትን ዳገት የገበሬ ማኅበሩ ለግጦሽ ከልሎ አባረራቸው። ከሸክላ ሌላ እንጀራ የላቸውም። ኃላፊው ፕሮግራሙ ሲጸድቅ ማኅበሩን አዝዞ እንደሚያስፈቅድላቸው ቃል ገባ።

በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ የሠራችውን ገዝተን እንበላበታለን፤ እሷ ከበላችበት ግን ረከሰ ብለን እንሰብረዋለን። ሰው ቤት ከሄደች ድርሻዋ በእንሰት ቅጠል ላይ ይደረግላታል። አዋቂ ሸክላ ሠሪ ሰው ላለማስቸገር ቅጠሏን ከቤቷ ይዛ ትመጣለች። ይህን አብዮቱ በአዋጅ ሽሮታል። አዋጁን ግን የሰማነው በጆሮ ብቻ ነው።

ዕቅዱን የሚያጸድቁት እንግዶች ከክፍለ ሀገር መጡ። በቅቤ የራሰ አታካና፣ ያው የእኛ የቡላ ምግብ፣ በአንድ ሰፊ የሸክላ ገበቴ ቀረበ። ገበቴውን የሠሩት ሴትዮዋ ናቸው። ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ በአውራጃችን ንቀት ከነሥሩ ተነቅሏል ብሎ ተናገረ። ከዚያ፣ እናታችን ይምጡና አብረውን ይብሉ አለ።

ሴትዮዋ ታጥበው፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሰው መጡ። እጅ ነሱ። ከነጠላቸው ሥር የእንሰት ቅጠል አወጡ፤ እንዳይቀደድ እሳት ላይ አለሳልሰውታል። በሁለት መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ድርሻቸውን ጠበቁ።

የእንግዶቹ አለቃ ቅጠሉ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ባህል ነው ብሎ ሊያድበሰብስ ሞከረ። ሴትዮዋ ግን እንግዳው ሳያውቅ እንዳይሳሳት አዘኑለት።

«ጌታዬ፣ አልነገሩዎትም መሰለኝ፤ እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ዕቃው እንዳይረክስባችሁ ብዬ ነው» አሉ።

ዙሪያውን የተቀመጡትን የአገራችንን ሰዎች አየኋቸው። አፍረው አልነበረም፤ ተገላግለው ነበር። ከሴትዮዋ ጋር ከመብላት ዳኑ። እስከ ዛሬ ያንን እፎይታ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እንግዳው ኃላፊውን አልተናገረውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሕዝቡ ገና አልነቃም ብሎ ሦስተኛውን ሩብ ዓመት ሰረዘ። በምትኩ የፊውዳል ቅሪቶች ይታዩ አለ። ኃላፊውም ለመታዘዝ ተጣድፎ ቅጠሉን ከሴትዮዋ እጅ ወሰደና እኔን መግለጫ ጻፍለት አለኝ። ሴትዮዋ የሚበሉበት ስላጡ ሳይበሉ ሄዱ። እንግዶቹ ገበቴውን አጸዱት፤ አታካናው ጥሩ ነበር ተባለ።

በሚቀጥለው ገበያ ሴትዮዋ የኃላፊው ቢሮ መጡ። መግለጫ እያሳየሁት ነበርና ሁሉንም ሰማሁ። ዳገቱን ለመኑት። ኃላፊው አጎንብሶ እየፈረመ፣ ያን ቀን «እናታችን» ያላቸውን ሴት አንቺ አላቸው።

«ፕሮግራሙ ቀርቷል። ንቃትሽ ሲያድግ ትመጫለሽ።»

ሴትዮዋ ይህንን እንደ ቀጠሮ ያዙት። ትንሽ አሰቡና፣ «ሰኔ ሳይገባ ያድግልኛል?» አሉት። «ዝናብ ከጀመረ ሸክላው አይደርቅልኝም።»

ኃላፊው እስኪያስለው ሳቀ፤ የቢሮው ጸሐፊም ሳቀች። ሴትዮዋ በሩን ይዘው ቆመዋል፤ መልስ እየጠበቁ ነበር።