ደሜን ያልተቀበሉኝ ለት

አሶሳ እህል ተራ ጫኝና አውራጅ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ አለቃችን አባ ኢብራሂም ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይሄን ነፋስ ይወስደዋል» አሉ። እኔ የበቆሎ ኩንታል ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ መኪናው የሚያወጣውን ሳንቃ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ጀነሬተር ነው። ጉራ ከመሰላችሁ ጠይቁ።

በኋላ ግን ለጉልበቴ ምግብ ብቻ አልበቃኝም። ክብደት የምናነሳበት ቤት አንድ ልጅ የወንድ ሆርሞን መርፌ አስለመደኝ። ቴስቶስትሮን ይሉታል። በየሳምንቱ ቂጤን እወጋለሁ። ትከሻዬ ሰፋ፣ ሸሚዝ እምቢ አለኝ። ፊቴ ይቀላል፣ ራሴን ይወቅረኛል። ፀሐይ ነው እላለሁ። የአሶሳ ፀሐይ ስንቱን ተሸከመችልኝ።

ሐሚድ የሚባል የሥራ ጓደኛ አለኝ፤ የበርታ ልጅ ነው፣ ቀጭን። ሰው ካላገዘው ኩንታል አያነሳም። «ከነጆንያው አንተን ብሸከም ይቀለኛል» እለው ነበር።

አንድ ቀን አኩሪ አተር ስናወርድ ክምሩ ተንዶ ታደሰን ተጫነው። ታደሰ የፓዌ ልጅ ነው፣ አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ጭኑ ተሰበረ፣ ብዙ ደም ፈሰሰው። ከሆስፒታል ደም ስጡ የሚል መልእክት ሲመጣ ከሐሚድ ጋር ተነሳን። መንገዱን ሙሉ፣ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ፣ የኔ ደም ከገባለት ነገ ተሳቢ ይጎትታል እያልኩ ሄድኩ።

ነርሷ የደም ግፊቴን ለካች። አረፍ በል አለችኝና ደግማ ለካች። ጣቴን ወግታ ደሜን አየች።

«ወንድሜ፣ ምንድነው የምትወስደው?»

ቀለድኩ፤ አልሳቀችም። ነገርኳት።

ሐኪሙ መጣ። ደምህ ወፍሯል አለኝ፤ ልብህ ውሃ ሳይሆን ሊጥ እንደሚገፋ ፓምፕ ሆኗል። ከረጋ ልብህን ወይ አንጎልህን ይዘጋል። ጉበትህንም ኩላሊትህንም እንመረምራለን። ሆርሞን ከውጭ ስታስገባ ደግሞ የራስህ የዘር ፍሬ ሥራ ያቆማል፣ ልጅ መውለድ ሊያስቸግርህ ይችላል። «ልብህ ሳይመረመር ኩንታል እንዳትነካ።»

«ታደሰስ?»

«ከጓደኛህ እንወስዳለን።»

ሐሚድ እጁን ዘርግቶ ተኛ። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ የልቤን ምት እሰማለሁ። ድሮ ጉልበት ይመስለኝ ነበር።

ታደሰ ሲነቃ «ጀነሬተር፣ ያንተ ነው አይደል የገባልኝ? ሙቀቱ ያስታውቃል» አለኝ። ሐሚድ ነው የመለሰለት፤ «እሱ ተራው አልደረሰም።»

መርፌውን ትቻለሁ። ግፊቴ ገና አልወረደም። ሐኪሙ ልቤን መርምሮ ቀለል ያለ ሥራ ብቻ ፈቅዶልኛል፤ ትንንሹን ጆንያ ስናነሳ ሐሚድ ባንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ነን። አዲስ ለሚገባ ጫኝ የምለው ይሄን ነው፦ ከባድ ነገር ለሁለት አንሱ። ሐኪም ያላዘዘውን የጉልበት መርፌ አትወጉ።