በዓመት አራት ጊዜ መዳን

ይህ የሆነው ደብረ ታቦር ላይ የልብስ ስፌት ቤት በከፈትኩ በሦስተኛው ዓመት፣ የዳግም ትንሣኤ ሰሞን ነው። የማልረሳው እናቴ የዳነች ልጇን ይዛ ሐኪም ልታመሰግን ሄዳ፣ በሽተኛ ይዛ ስለተመለሰች ነው። በሽተኛዋ እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ደጋግሜ ተኝቻለሁ። ሥራ ጠልቼ አልነበረም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እከርማለሁ፤ መታጠብ እንኳ ያቅተኛል። ደንበኞች በሩን አንኳኩተው አንኳኩተው ይሄዳሉ። እናቴ ከአንበሳሜ ትመጣና ጣራ ገዳም ወስዳ ጠበል ታስጠምቀኛለች።

ከርሜ ከርሜ አንድ ቀን ጠዋት ብድግ እላለሁ። አነሣሴ ግን ለጉድ ነው። እንቅልፍ የሚባል የለም። መንገደኛውን አስቁሜ ስለካ እውላለሁ፤ ማንም ያላዘዘውን እሰፋለሁ። አንዴ ለጎረቤቴ አህያ የሐር ልብስ ሰፍቼ ሰጥቻለሁ። ጎረቤቴ አመስግኖ ተቀበለኝ፤ ምን ይበል!

እናቴ ይህን ስታይ «ስለቴ ሰመረ» ብላ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዘመድ ትጠራለች። ድግሱ ሳይረሳ እንደገና እተኛለሁ።

ማንም ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ዳግመኛ ከወደቅኩ መነሣቱን አልጠብቅም፣ ሕይወቴን አጠፋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ስነሣ ሐሳቡን እረሳዋለሁ፤ ስወድቅ ካስቀመጥኩበት አገኘዋለሁ።

በዐቢይ ጾም ስወድቅ እናቴ እስክትደርስ ሌላዋ ጎረቤቴ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ከልክ ያለፈ ደስታ፣ እንቅልፍ ማጣት ነበራት?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ስሜ እንዳይጠፋ ብላ «ኧረ ጨዋ ናት፣ ጎበዝ ሠራተኛ!» አለችው። የድብርት መድኃኒት ታዘዘልኝ። ለፋሲካ ከወትሮውም ብሶብኝ ተነሣሁ።

እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። «ለእግዜሩ ስለት አግብተን ለሰውየው ዝም ማለት ነውር ነው» አለችና ጠቦት ገዛች። እኔ፣ እናቴና ጠቦቱ በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን። እስክንደርስ ድረስ ሾፌሩን ስለ ትዳር መከርኩት።

ክሊኒኩ ስንገባ መስኮቶቹ መጋረጃ የላቸውም። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ወንበር ላይ ወጣሁና መለካት ጀመርኩ። ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች «ቀለም ምረጡ» አልኳቸው። ሁለቱ መረጡ።

ሐኪሙ ወጣ። እናቴ ጎንበስ ብላ «ዶክተር፣ ልጄን አዳኑልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። እሱ ጠቦቱንም አላየው። እኔን ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ አየኝና ከነጠቦቱ ወደ ክፍሉ አስገባን።

«እማማ፣ ትተኛለች?»

«ምን እንቅልፍ አላት! ሥራ ላይ ናት እንጂ።»

«ከዚህ በፊትስ እንዲህ ድና ታውቃለች?»

እናቴ ለጣራ ገዳም ተቆረቆረች። «ኧረ ስንቴ! ለመስቀል ድናለች። ለኅዳር ሚካኤል ድናለች። ለአስተርዮ ማርያም ድናለች። ይኸው ደግሞ አሁን በእጅዎ።»

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰው በዓመት አራት ጊዜ አይድንም።»

እኔ ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም።

መውደቁም መነሣቱም አንድ በሽታ መሆኑን አስረዳን። ባይፖላር ይባላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ቶሎ ቶሎ ይገለባበጣል፤ በዓመት አራት ጊዜና ከዚያም በላይ። የድብርት መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ሊያባብሰው ይችላል። «የተኛ ሰው ያመጡልኛል፤ የሚስቅ ሰው ግን ማንም አያመጣልኝም» አለ። ያንን መድኃኒት አስቁሞ ሌላ ጀመረልኝ፣ የደም ምርመራም አዘዘ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ስትወድቂ ምን ታስቢያለሽ?» አለኝ። ያን ቀን አፌ አልገጠመም ነበር። የቀሚስ ልክ እንደምነግር ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኩት፤ የቆረጥኩትንም ጭምር። እናቴ አጠገቤ ነበረች። የጠቦቱን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች።

ጠቦቱን ሐኪሙ አልቀበልም አለ። እናቴም አልመልስም አለች። ዘበኛው ጋ ቀረ።

በሰኔ ወደቅኩ። ያን ጊዜ ግን የሚያውቅ ሰው ነበረኝ። እናቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «ዛሬም አሰብሽው?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ። «በይ እዚሁ ነኝ» ትልና ጋቢዋን ትደርባለች። በቀን በቀኑ እንዲህ ስንባባል ክረምቱ አለፈ።

አሁን መውደቁ ከስንት አንዴ ሆኗል። ሐኪሙ ጋ አብረን እንመላለሳለን። እናቴ ለበዓል ካልሆነ አንበሳሜ አትሄድም። ትንሽ ከሳቅኩ ትጠረጥረኛለች፤ ይህ ያናድደኛል። ሂጂልኝ ግን ብያት አላውቅም። በሕይወት በመኖሬ ደስ ይለኛል፤ ይህንንም ስነግራት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።