ሁለት ሚዛን ላይ የተቀመጡት ጎረቤታችን

አባቴ መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። እኔ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለሁ ሱቃችን ከመጥበቡ የተነሳ ደንበኛ ሲገባ ከእኛ አንዳችን መውጣት ነበረብን። ክረምት ሲቃረብ፣ ማለትም የብርድ ልብስ ገበያ ሊደራ ሲል፣ አባቴ ቆጥ አሠርቶ ዕቃውን ከራሳችን በላይ ሊሰቅለው ወሰነ። ሁለት ረጃጅም ብረት ገዛ፤ በያጅም አነጋገረ። ሐሳቡ ብረቶቹ በአንድ ጫፋቸው በሩ አጠገብ ያለው የሲሚንቶ ምሰሶ ላይ፣ በሌላው ጫፋቸው የኋላው ግድግዳ ላይ እንዲያርፉ ነበር።

የኋላው ግድግዳ ግን የእኛ ብቻ አልነበረም። ከወዲያ በኩል፣ በራቸው ወደ ራጉኤል መንገድ የሚከፈት፣ ጧፍና ጃንጥላ የሚሸጡ ሴት አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። እትዬ ወሬውን ሰምተው በማግስቱ መጡ። አልተቆጡም፤ ግን እሳቸው ከሥር ተቀምጠው ግድግዳው ቢወርድ ማን ሊጠየቅ እንደሆነ ጠየቁ። አባቴ ብርድ ልብስ ያን ያህል እንደማይከብድ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ደግሞ አንድ ቦንዳ ብርድ ልብስ ጎበዝ ተሸካሚ ሲያንገዳግድ በዓይናቸው እንዳዩ ነገሩት። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ስለዚህ ወሬው አላልቅ አለ። በመጨረሻ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ የምትማሪው ይሄንኑ አይደል? እሳቸው ግድግዳ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያርፍ ንገሪን።»

ያን ጊዜ ካሉኝ ትምህርቶች ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነበር። ሪአክሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ድጋፍ የሚሸከመው፤ ሸር ፎርስ፣ ብረቱን ሊቆርጠው የሚታገለው ኃይል፤ ቤንዲንግ ሞመንት፣ የሚያጎብጠው። ወረቀት ላይ ብረቱ አንድ መስመር ነው፤ ሸክሙ ቀስት ነው፤ ደምሬ ቀንሼ መልሱን አገኘዋለሁ፤ መልሱ ምን ማለት እንደሆነ ግን አይታየኝም። እንዲያም ሆኖ እሺ አልኩ። ቦንዳ መዘንኩ፣ ርዝመት ለካሁ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ዕቃ ላይ ተቀምጬ ስሠራ ዋልኩ። ዕቃው እኩል ከተደረደረ ግማሹ ሸክም በሩ ጋ ያለው ምሰሶ ላይ፣ ግማሹ ግድግዳው ላይ እንደሚያርፍ ነገርኳቸው። እትዬ ወረቀቱን አዩና ግድግዳው ግማሽ እንደደረሰው በምን ይታወቃል አሉኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከበርበሬ ነጋዴዎች ሁለት ትልልቅ ባለ ቀስት ሚዛን ተዋስኩ። አንዱን ሚዛን በበሩ በኩል፣ ሌላውን በግድግዳው በኩል አራርቄ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ረጅም ጣውላ ጫፍና ጫፉን አሳረፍኩባቸው። የቀረኝ የሚቀመጥ ሰው ነበር። አባቴ ደንበኛ ይዞታል። እትዬን ጠየቅኳቸው።

«ኪሎዬን መርካቶ በሙሉ ሊያውቀው ነው?» አሉ።

«መሃል ላይ ከተቀመጡ እያንዳንዱ ሚዛን የሚያሳየው ግማሹን ብቻ ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ሁለቱ ቀስቶች እኩል ቁጥር ላይ ቆሙ። እትዬ ቁጥሩን አጎንብሰው አዩት፤ በጣም ደስ አላቸው። በሩ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ወደ በሩ በኩል ጠጋ እንዲሉ ለመንኳቸው። ጠጋ ሲሉ የበሩ ሚዛን ጨመረ፣ የግድግዳው ቀነሰ። አሁንም ጠጋ፤ ክብደታቸው ከሞላ ጎደል ወደ አንዱ ሄደ። እሳቸው አልከበዱም አልቀለሉም፤ ሸክሙን የሚቀበለው ብቻ ተለወጠ። እዚህ ላይ ሚዛኑ ላይ የቀረው የበርበሬ ብናኝ አፍንጫቸው ገብቶ አስነጠሳቸው። ሁለቱም ቀስቶች ዘለሉ፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ እትዬም አብረው ሳቁ።

እኔ ግን ዓይኔ ጣውላው ላይ ነበር። እትዬ መሃል ላይ ሳሉ ጎብጦ ነበር፤ ዳር ሲደርሱ ቀና አለ። እትዬም ያው፣ ጣውላውም ያው። ወደ መሃል እንዲመለሱ ለመንኳቸውና መሬት ላይ ተንበርክኬ ከጎን አየሁት። እንደገና ጎበጠ። ካርቶን ቀድጄ ሣልኩት፤ ሸር ፎርሱ እንደ ደረጃ ሄዶ እትዬ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች የሚያልፈውም እዚያው ነው። ቤንዲንግ ሞመንቱ ደግሞ እንደ ኮረብታ ነው፤ ጫፉ እዚያችው ቦታ ላይ። ስንት ጊዜ ደብተር ላይ ስሠራው የኖርኩት ነገር ነጠላ ለብሶ ፊቴ ተቀምጧል። ብቻዬን ሳቅኩ። እትዬ ኮረብታው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ጣውላው በጣም የሚጨነቅበት ቦታ ነው አልኳቸው።

«እኔ ነኛ ያስጨነቅኩት» አሉ፣ እንደ መኩራት ብለው።

ማታውኑ ሒሳቡን እንደ አዲስ ሠራሁት። ቦንዳው ወደ ሁለቱ ጫፍ ይደረደራል፤ መሃሉ መተላለፊያ ይሆናል። ኋላ በኩል ደግሞ ብረቶቹ ግድግዳውን ሳይነኩ የራሳቸው መሠረት ያለው አዲስ ምሰሶ ላይ ያርፋሉ። መምህሬ ጋ ወስጄ አሳየሁት። የብረቱን የራሱን ክብደትና ቆጡ ላይ የሚወጣውን ሰው ረስተሻል አለኝ። ጨምሬ ሠራሁት፤ ብረቱ ሸክሙን እንደሚችል አየሁ። አባቴ ምሰሶው ቦታ በላብኝ ብሎ ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ የናሙና ብርድ ልብስ ሰቀለበት።

ቆጡ ያለቀ ዕለት እትዬን ወደ ላይ ጋበዝናቸው። መሰላሉን ቀስ ብለው ወጡ፤ ግድግዳቸውንና ምሰሶውን የሚለየውን ክፍተት እጃቸውን አስገብተው አረጋገጡ፤ ከዚያ እዚያው ላይ ከእኛ ጋር ሻይ ጠጡ። ላልተሸጡ ጃንጥላዎቻቸው ትንሽ ቦታ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁ።

«ለእርስዎማ መሃሉን ነው የምንሰጠው» አለ አባቴ።

«ኧረ ሐጂ፣ መሃሉ ያጎብጣል። ዳር ይሻለኛል።»

አባቴ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ከታች ደንበኛ ተጣራ። አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና ከተቀመጠበት ሳይነሳ አንድ ብርድ ልብስ ስቦ ቁልቁል ለቀቀለት።