ሰብሊ ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ

ሰብሊን የተዋወቅኳት ኦሎምፒያ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ አብረን እንግዳ ተቀባይ ሆነን ስንሠራ ነው። እኔ ሐሩንን አግብቼ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ስገባ ሥራውን ተውኩት፤ እሷ እዚያው ቀረች። ጓደኝነታችን ግን አልተቋረጠም። ለፋሲካ እኔ ገርጂ እነሱ ቤት እሄዳለሁ፤ ለኢድ እሷ እኔ ጋ ትመጣለች።

እናቷ ካረፉ ወዲህ በዓል የሰብሊ ሥራ ሆነ። ማንም ቁጭ ብሎ የወሰነው ነገር አይደለም። አባቷ ጋሽ እሸቴ ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ወንድሟ አብኔዘር ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ድስት የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። እንግዳው ደግሞ እናቷ በነበሩ ጊዜ እንደለመደው መምጣቱን አልተወም። ገናን ደገሰች፣ ጥምቀትን ደገሰች፣ ሁዳዴን ጾማ ፋሲካን ደገሰች። ከክሊኒኩ ፈቃድ የምታገኘው ለዕለቱ ብቻ ስለሆነ ቀይ ሽንኩርቱን የምታቁላላው ከሥራ መልስ፣ የደንብ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ነው።

የዘንድሮ ፋሲካ ስሄድ እንደሁልጊዜው ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ቤቱ ሞልቷል። ሰብሊ ፈገግ እያለች ታቀርባለች፣ ትቀዳለች፣ ታነሳለች። ላግዛት ማድ ቤት ስገባ ብርጭቆ እጇ ላይ ተሰብሮ ጣቷን ቆረጣት። ደሙ ሳህን ላይ ሲንጠባጠብ ቆማ ታየዋለች። የጮህኩት እኔ ነኝ።

"ኧረ ምንም አይደል" አለችና በሶፍት ጠቅልላው ሌላ ብርጭቆ አነሳች። ፊቷ ላይ ሕመምም ድንጋጤም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስደውልላት "ደህና ነኝ" ብቻ ትለኛለች። ሕፃን አጠገቧ እያለቀሰ ድምፁ ከሌላ ፎቅ የሚመጣ ይመስላት እንደነበር፣ ሻወር ገብታ ውሃው እየወረደባት ለምን እንደገባች ይጠፋት እንደነበር የነገረችኝ ኋላ ነው። በዚያው ሳምንት አክስቷ እትዬ ፀሐይነሽ ደወሉላት። ለዳግማይ ትንሣኤ የባላቸውን ዘመዶች ይዘው ሊመጡ ነው፤ የእሷን ዶሮ ወጥ ስላወሩላቸው ሁሉም ጓጉተዋል። ሰብሊ "እሺ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች። ገዛችም። ወደ ቤት ልትታጠፍ ሲገባት አልታጠፈችም። ያገኘችው ታክሲ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ሌላ ያዘች። በሬን ስከፍት የሽንኩርቱን ፌስታል ይዛ ቆማለች።

"ሰብሊ! ምነው? ማን ምን ሆነ?"

"ማንም ምንም አልሆነም። እዚህ ልተኛ?"

የልጄ የሰልዋ አልጋ ላይ አስተኛኋት። ጫማዋን ያወለቅኩላት እኔ ነኝ። አብኔዘር ደወለ፤ ስልኩን ላቀብላት ብል እጇን አልዘረጋችም።

"እዚህ ናት በይው" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "አልመጣም በይው።"

"ነገ እኮ እንግዳ አለ!" አለ አብኔዘር። እሷ ያለችውን በስልኩ የሰማ ይመስለኛል።

በማግስቱ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ጋሽ እሸቴ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከሰፈር የማይርቁት ሰውዬ ታክሲ ቀያይረው፣ የብሎክ ቁጥር እየጠየቁ መጥተዋል። ሰብሊ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጡ።

"አሞሻል እንዴ?"

"አላመመኝም አባዬ።"

"ያስቀየመሽ ሰው አለ?"

"የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ምንም አይሰማኝም። እንኳን አደረሰሽ ሲሉኝ ከኋላዬ ላለ ሰው የሚሉ ነው የሚመስለኝ።" ቀጥላ "እንግዶቹስ?" አለች።

"ሸኘናቸው።"

"ምን በሉ?"

"አብኔዘር እንቁላል ጠበሰ። ግማሹ አረረ።"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ እሸቴም ፈገግ አሉ። የሰብሊ ፊት ግን እንደነበረ ነው። አባቷ ይህን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"እናትሽ ከሄደች በኋላ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝ ብለን ሁሉንም አንቺ ላይ ጫንነው" አሉ። "እሺ ስትዪ ደስ ያለሽ መስሎን። አሁን ነይ አልልሽም ልጄ። ስትፈልጊ ነይ።"

ሊወጡ ሲሉ ሽንኩርቱን በፌስታል አድርጌ ልሰጣቸው ነበር፤ "ኧረ እናንተው ብሉት" ብለው ሄዱ።

ሰብሊ እኛ ቤት ሰነበተች። ከቡልቡላ ሥራዋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ትተኛለች። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተር እድላዊት፣ ሁኔታዋን አይታ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ላከቻት። ስትመለስ ምን አሉሽ አልኳት።

"ደክሞሻል አሉኝ።"

"ይኼንንማ እኔም እነግርሽ ነበር።"

"አንቺ ብትዪኝ አላምንሽም ነበር" አለች።

ወደ ቤቷ የተመለሰችው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ደስታ ይዛ አልተመለሰችም። ምግብ መቅመስ ጀምራ ነበር፣ እንቅልፏ ተስተካክሎ ነበር፤ ሌላው እንደነበረ ነው። ለእንቁጣጣሽ እትዬ ፀሐይነሽ ደውለው እንመጣለን ሲሉ ስልኩን ያነሱት ጋሽ እሸቴ ነበሩ። "ኑ፣ ወጡን ግን ይዛችሁ ኑ" አሏቸው። አክስትየዋ አኩርፈው ሰነበቱ፤ ግን ይዘው መጡ። ሰብሊ የደንብ ልብስ ሳይሆን ቀሚስ ለብሳ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጣ በላች። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር አሉ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ደወለችልኝ። ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ክፉ ነገር ልትነግረኝ መስሎኝ ክው አልኩ።

"ኑራ! አብኔዘር ሳህኑን በሙሉ ማድ ቤት ከምሮ ኳስ ሊያይ ሊወጣ ነው!"

"እና?"

"እና ተናደድኩ! ሰማሽኝ? የምር ተናደድኩ።"

እንኳን ደስ አለሽ ልላት አፌን ስከፍት "ቆይ፣ በሩ ጋ ደርሷል፣ ገና አልጨረስኩለትም" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።