የአባዬ ጣት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ዛሬ አዳማ፣ ጎረቤት የውሃ ሞተር ሲያስነሱ ሰምቼ ነው የጀመርኩት።

መቂ ሳለን፣ በስምንት ዓመቴ፣ አትንኪ የተባልኩትን የሽንኩርት ማጠጫ ሞተር አስነሳሁት። አባዬ የሞተሩን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ እያስተካከለ ነበርና አንድ ጣቱ ተቆረጠ።

እያለቀስኩ ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ። ቸርች ደግሞ፣ ይቅር የተባለ ኃጢአት እንዳልነበረ ይሆናል ብለው አስተምረውናል። ስለዚህ ጣቱ ይበቅላል ብዬ በየጠዋቱ ፋሻውን እነካካ ነበር።

ፋሻው ሲፈታ ጣቱ የለም።

«ዋሽተኸኛል! ይቅር አላልከኝም!» ብዬ ጮህኩበት።

አባዬ እየሳቀ እንባው መጣ። ያኔ ያልገባኝ፣ ዛሬ የልጅ እናት ሆኜ የገባኝን መልስ ሰጠኝ፦

«አንቺ ቂል፣ እንደማይበቅል እያወቅኩ እኮ ነው ይቅር ያልኩሽ።»