ባንኮክን ሁለት ጊዜ ሰጠሁ

ልጅ ሳለሁ ባንኮክን ያለ ምንም ኪሳራ ሰጥቻለሁ። ያኔ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ወደ አሰብ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር፣ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር እኛ የሰፈር ልጆች ሲመሽ ግቢው እንሰበሰባለን፤ እሱም ከሰል አቀጣጥሎ የበቆሎ እሸት እየጠበሰ፣ ጭሱን በባርኔጣው እያባረረ መጀመሪያ ተረት ይነግረናል፤ ከዚያ እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን። ሕጉ የታወቀ ነው፤ መልሱ የጠፋበት ለጠያቂው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ጠርቶ «ገብቼ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በጄ፣ ሁሉ በደጄ» ብሎ ይፎክርና መልሱን ይናገራል።

እኔ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የማልቆጥረው ነገር አልነበረም። ሌሎቹ ልጆች ጎንደርንና ሐረርን እንደ ቆሎ ሲበትኑ፣ እኔ የሰጠሁትንና የቀረኝን በጣቴ እይዝ ነበር፤ ትንንሾቹን ከተሞች አስቀድሜ ትልልቆቹን አቆያለሁ። አንድ ምሽት ግን ትንንሾቹ አለቁብኝ። ዓይኔ ግድግዳው ሥር የተጣጠፈ ባዶ የሩዝ ጆንያ ላይ አረፈ፤ በእንግሊዝኛ የታተመበትን በፋኖሱ ብርሃን ፊደል በፊደል አነበብኩና «ባንኮክን ሰጠሁህ!» አልኩ።

ጋሽ ተሰማ እስኪያስለው ሳቀ። «አንተ ቋጣሪ! ባንኮክ ያንተ ናት?»

«የኔ ስላልሆነች ነዋ የሰጠሁህ።»

«ያላየኸውን መስጠትማ ማን ያቅተዋል? አገር ስትሰጥ ትንሽ ቆንጠጥ ካላደረገህ አልሰጠህም።»

ነገሩ አልገባኝም። በሳምንቱ ተራው የኔ ሆነና «ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ጋዝ ጠጥቶ ይነቃል» አልኩት። መልሱ ፊቱ ተቀምጦ የሚበራው ፋኖስ ነበር። ጋሽ ተሰማ ፋኖሱን አየ፤ እኔን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«አላወቅሁም» አለ። «ኮምቦልቻን ሰጠሁህ።»

ልጆቹ በሙሉ ወደሱ ዞሩ። የተቀመጥንበትን ከተማ የሰጠ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እየተንተባተብኩ ፉከራውን ጀመርኩ፤ «ሁሉ በጄ» ስል እጄ ላይ ትኩስ በቆሎ ነበር፤ «ሁሉ በደጄ» ስል ቀና ብዬ ፍሙን፣ የፋኖሱ ብርሃን የደረሰባቸውን የልጆች ፊት፣ ከኔ ቁመት የሚበልጠውን የመኪናውን ጎማ አየሁ፤ ሁሉም ያን ሰዓት የኔ ሆኖ ሰውነቴን ወረረኝ። ይህን ሁሉ የሰጠኝ ሰው ከፍቶት እንደሆነ ብዬ ፊቱን ባይ፣ ፈገግ ብሎ በቆሎውን ያገላብጣል።

እኔም በኋላ የመንገድ ሰው ሆንኩ። ባሕር ተሻግሬ ኮለምበስ መጥቼ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ከመሸከም ተነስቼ፣ ባለሦስት የጭነት መኪና ሆንኩ፤ ከከተማው ዳር፣ ሬይኖልድስበርግ፣ አራት መኝታ ያለው ቤት ገዛሁ። ልጄ ሕይወት እዚሁ አደገች፤ አስተማሪ አገባች፤ ባሏ ሥራ ወዳገኘበት ከተማ ልጆቿን ይዛ ሄደች። የከተማውን ስም ስትነግረኝ ጆንያው ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ።

የሄዱት ለሁለት ዓመት ነበር፤ ለልጆቹ ያዘጋጀኋቸውን ሁለት ክፍሎች ዘግቼ ጠበቅኋቸው። ጊዜው ሊሞላ ሲል ሕይወት ደወለች። «አባዬ፣ ኮንትራቱን አራት ዓመት ኤክስቴንድ እናድርግላችሁ ብለውናል። ልጆቹ እዚህ ለምደዋል። አንተ እሺ ካላልክ ግን አንፈርምም።»

«ላስብበት» አልኩና ሦስት ሳምንት ቆጠርኩ። በዓመት ሁለት ሳምንት ቢመጡ፣ በአራት ዓመት ስምንት ሳምንት። የስድስት ዓመቷ ሶልያና አሥር ይሆናታል፤ ገና አፉን የፈታው ናታን እኔን የሚያውቀኝ በስልክ መስታወት ብቻ ይሆናል። ሂሳቡን በየትም በኩል ብሠራው አልሞላ አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኛ ጋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እነሱ ጋ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ከሶልያና ጋር በቪዲዮ እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሃያ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ዝናብ አባርቶ፣ የትምህርት ቤት ልብሷ እንዲደርቅ ወንበር ላይ ተሰጥቶ፣ ሕይወት ናታንን ሳሎን ውስጥ በፕላስቲክ ገንዳ ታጥበው ነበር።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ?»

«ሰው ይውጣል፣ ሰው ይተፋል፣ መኪና ራስ ላይ ይሮጣል።»

«አውሮፕላን።»

«ኖ!»

«ሊፍት።»

«ሊፍት ይሮጣል እንዴ፣ አባባ? ጊቭ አፕ? አገር ስጠኝ!»

እውነቱን ለመናገር አላወቅሁትም። «ኢስተንን ሰጠሁሽ።»

«አባባ! ኢስተን እኮ ሞል ነው፤ ዳዝንት ካውንት!»

«አባዬ፣ አትሰስት እንጂ» አለች ሕይወት ከኋላ፤ በሳቅ የጀመረችው ድምጿ መጨረሻው ላይ ቀጠነ።

እንደ ጋሽ ተሰማ የተቀመጥኩበትን፣ ኮለምበስን ልሰጣት አሰብኩ። የሚቆነጥጠኝ ግን ኮለምበስን መስጠት አልነበረም።

«ባንኮክን ሰጠሁሽ።»

የገንዳው ውሃ ድምፅ ቆመ። «አባዬ? የምርህን ነው?» አለች ሕይወት።

«አገር ተሰጥቶ አይመለስም። ፈርሙ።»

ሶልያና የኛን ነገር አልሰማችም። ስልኩን ይዛ ወደ በረንዳው ሮጠች፤ «ባንኮክ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በጄ፣ ሁሉ በደጄ!» ብላ ወደ ታች አዞረችው። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከተማው እስከ ሰማዩ ጠርዝ ድረስ፣ ነፋስ እንዳራገበው ፍም፣ ቀይና ወርቃማ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ወንዙ መሐሉን ጥቁር አድርጎ ይሰነጥቀዋል፤ ከመኪናው ጎርፍ በላይ፣ በምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ፣ መስኮቶቹ የበሩ ባቡር ሰው ሞልቶ ይከንፋል። «መልሱ ያውልህ!» አለችኝ። ፎቆቹን መቁጠር ብጀምር ሠላሳ ሳልደርስ ጠፋብኝ፤ ደግሜ አልጀመርኩም።

ጋሽ ተሰማ ያኔ በቆሎውን እያገላበጠ ለምን ፈገግ እንዳለ ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው፤ ስልኩ ጥቁር መስታወት ላይ የገዛ ፊቴን አይቼ። ቆንጥጦኝ ነበር፤ ፈገግ ብዬም ነበር። ከዚያም ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁና የሁለቱን ክፍሎች መስኮት ከፈትኩ። ለስምንት ሳምንትም ቢሆን ክፍል አየር ይፈልጋል።